ሁለት ጣሳ ባሩድ

ኦርቫል ስሌተን ጣሳውን ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሳው ከበደው።

መክበድ አልነበረበትም። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ጣሳ ሲሰፍር ሰንብቶ፣ የልጁን የብሪታን ጥይቶች ሞልቶ ሲጨርስ፣ በሒሳቡ ከሥሩ ሊቀር የሚገባው ባሩድ ከአንድ እፍኝ አይበልጥም ነበር። ነቀነቀው። የሰማው የእፍኝ ድምፅ ሳይሆን የግማሽ ጣሳ ድምፅ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው፤ ዓይኑም ጆሮው የሰማውን አጸናለት። ባሩድ እንደ ሊጥ አድሮ ኩፍ አይልም። አንድ ሰው ጨምሮበታል፤ የዚህን ጋራዥ ባሩድ የሚነካ ሰው ደግሞ ከእሱ በቀር የለም።

አጠገቡ የቆመውን ሁለተኛውን ጣሳ አነሳ። እሱ ደግሞ ቀለለው።

"የለም፣ የለም" አለ ለራሱ። ጋራዡ ውስጥ ትንፋሹ እንደ ጭስ እየታየ፣ ጀርባው ላይ ግን ላብ ወረደ።

በእኛ ሸለቆ ጥይቱን በገዛ እጁ የሚሞላ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሕግ አለች፤ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጣሳ ብቻ። ባሩድ ከጣሳው ከወጣ በኋላ ስም የለውም። ቶሎ የሚነደውም፣ ቀስ ብሎ የሚነደውም ያው ግራጫ ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ ሰው አንዱን ጣሳ ያወርዳል፣ ወደ መስፈሪያው ይገለብጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ በመስፈሪያው የተረፈውን ወደዚያው ጣሳ ይመልሳል፣ ጣሳውን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። ሌላውን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ኦርቫል ይህን ሕግ ለከተማው እኩሌታ አስተምሯል። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለአዲስ አዳኞች ትምህርት ሲሰጥ፣ እዚህ ነጥብ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛውን በጡጫ ይመታ ስለነበር እንቅልፋሞቹ ሁሉ ይነቁ ነበር።

በዚህ ሳምንት ግን ሕጉን ራሱ አፈረሰው። ምክንያቱ የእህቱ ባል ድዌን ነው፤ ወይም ኦርቫል ምክንያቱ ድዌን ነው ብሎ ማሰብ ይቀለዋል። ኦርቫል ዕድሜ ልኩን የተጠቀመበት ባሩድ ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። ሉዊስታውን ከተማ ያለው ባለ ሱቅ በምትኩ የሰጠው፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጣና ስሙ ከአሮጌው በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለይ አዲስ ባሩድ ነበር። ድዌን፣ "አንድ ናቸው፤ ፋብሪካው ከአንድ በርሜል እየቀዳ ሁለት ወረቀት ይለጥፍባቸዋል" ሲል ኦርቫል፣ "አይደሉም" አለ። እንግዲህ ሁለት ጡረተኞች ከተከራከሩ ዳኛው ጊዜ ብቻ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ሞልቷቸዋል። ኦርቫል ሁለቱን ጣሳዎች ጎን ለጎን አቁሞ ሲያወዳድር ሰነበተ። ከዚህ ጥቂት፣ ከዚያ ጥቂት ይሞላና ጠጠር ወደሚወጣበት ጉድጓድ ሄዶ ይተኩሳል፤ ተመልሶ ደግሞ ይሞላል።

ውጤቱንም አገኘ። አንድ አልነበሩም። በእኩል ሚዛን ሲሞሉ አዲሱ እጅግ ይበረታል፤ በአዲሱ የተሞላው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የጠመንጃው ማቀባበያ ተቸክሎ በመዳፍ ካልመቱት አልከፈት ብሎት ነበር። ያ ደግሞ ከመጠኑ ቀንሶ የሞላው ነው። ለብሪታ የሞላላትን ግን በአሮጌው ልክ እስከ መጨረሻው ወሰን ሞልቶታል፤ ትልቁን አጋዘን ከሩቅ የሚጥል ጥይት እንዲሆንላት ብሎ።

ጥያቄው አንድ ነው። የአዲሱን ትርፍ በስህተት ወደ አሮጌው ጣሳ የገለበጠው የብሪታን ጥይቶች ከመሙላቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ፣ የጠፋ ነገር ቢኖር ባሩዱ ብቻ ነው። በፊት ከሆነ፣ ልጁ አሁን ተራራው ላይ ቦምብ በኪሷ ይዛ ትሄዳለች።

ዓይኑን ጨፍኖ ሊያስታውስ ሞከረ። መስፈሪያውን ሲገለብጥ እጁ ታየው። መብራቱ፣ ራዲዮው፣ የቀዘቀዘው ቡና ታየው። የትኛው ጣሳ እንደነበር፣ ቀኑም የትኛው እንደነበር ግን አልታየውም። አእምሮው ውስጥ በዚያ ቦታ ላይ ምንም አልነበረም፤ ይህ ባዶነት ከባሩዱ ይልቅ አስፈራው።

ድዌን በጓሮው በር ሲገባ፣ ኦርቫል በነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ትንንሽ ክምር ባሩድ አፍስሶ በአጉሊ መነጽር አጎንብሶ ነበር። ድዌን የዳሌ አጥንቱን በብረት ካስቀየረ ወዲህ ተራራ መውጣት ስላቆመ፣ እንደ ዛሬው ያለውን የአደን መክፈቻ ቀን የሚያከብረው ሰው ቤት እየሄደ ቁርስ በመብላት ነው።

"ምነው፣ ቅማል ነው የምትፈልገው?" አለ፣ ከዘራውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ።

"ና እስቲ እይልኝ። ዓይንህ ከእኔ ይሻላል። በእነዚህ መካከል ልዩነት ይታይሃል?"

ድዌን አጎነበሰ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየ፣ ወረቀቱን አዙሮ ደግሞ አየ። "መንታ ናቸው። ስነግርህ ከርሜ የለ። በመጨረሻ አመንክ?"

"አላመንኩም። አንዱ አዲሱ ነው። ሌላው ግን ምን እንደሆነ አላውቅም።" ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረው። እንደ ጥፋተኛ ልጅ ወለል ወለሉን እያየ ነበር የነገረው።

ድዌን መጀመሪያ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ፣ የኦርቫልን ፊት ሲያይ ዘጋው። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። "ከጥይቱ የቀረ አለህ? አንዱን አጉርሰን፣ ጠመንጃውን አስረን በገመድ እንተኩሰው።"

"አንድም አላስቀረሁም። ሁሉንም በሳጥን አድርጌ ሰጠኋት።"

"ስልክስ?"

"ተራራው ላይ ስልክ መቼ ሠርቶ ያውቃል?"

"እንግዲህ ስማኝ" አለ ድዌን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እሱ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ምክሩ ጥሩ እንዳልሆነ ራሱም ያውቃል ማለት ነው። "በኋላ ነው የገለበጥከው። አርባ ዓመት ስትሠራው የኖርከው ሥራ ነው፤ እጅህ ራሱ ያውቀዋል። በፊት ቢሆንስ? ትንሽ ነው የተቀላቀለው። ትከሻዋን ጠበቅ አድርጎ ይገፋታል፣ በቃ። አሁን ተራራ ወጥተህ ይህን ብትነግራት ግን ምን እንደሚከተል ታውቃለህ። በሚያዝያ ጀበናውን እሳት ላይ ረስተህ ባቃጠልክ ጊዜ ምን አለች?"

ኦርቫል ብሪታ ያኔ ያለችውን ቃል በቃል ያስታውሰዋል፤ የሚገርመው ያንን አልረሳም። "አባዬ፣ ሐኪም ይይህ" ነበር ያለችው። "እስከዚያ ባሩዱን ተወው።" እሱ የሐኪሙን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አስተላለፈው፣ ባሩዱንም አልተወም። እሷም አላስጨነቀችውም። ባሏ ለነዳጅ ሥራ ወደ ዳኮታ ሄዶ በዚያው ከቀረ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው የተማሪ አውቶቡስ እየነዳች ነው። የበረዶው ወራት ሥጋቸው ደግሞ ከዚህ ተራራ የሚወርደው አጋዘን ነው። ዘንድሮ፣ "ጥይት ትሞላልኛለህ?" ብላ ራሷ ስትጠይቀው፣ ጥይቱን ፈልጋ ሳይሆን ልታስደስተው እንደሆነ ገብቶት ነበር። ሳጥኑን ሲሰጣት እጇ አንድ አፍታ አመነታ፤ ከዚያ ተቀበለችው። ያቺን አፍታ አይቷት እንዳላየ አለፋት።

"ጥይቱን ብቻ አይደለም የምትወስድብህ" ቀጠለ ድዌን። "የመኪናውን ቁልፍም ነው። ከዚያ ሉዊስታውን ካለው የአዛውንቶች መኖሪያ አስገብታህ ቢንጎ ስትጫወት ትከርማለህ። እኔ ደግሞ መጥቼ መሳቅ ግዴታዬ ነው።"

እውነቱን ለመናገር፣ ኦርቫል ምክሩ ጣመው። ቡና ቀዳ። ለድዌንም ቀዳለት። በኋላ ነው የገለበጥኩት፣ አለ በልቡ፤ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ሲለው እውነት መሰለው። ሦስተኛውን ሊል ሲል ግን፣ ብሪታ ጠመንጃዋን ስታነጣጥር ታየችው። ጉንጯን የሰደፉ እንጨት ላይ ታስተኛለች፤ ራሱ ነው እንዲያ ያስተማራት። ጠመንጃ ከፈነዳ ብረቱ የሚመጣው ወደ ኋላ ነው፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ያ ጉንጭ ነው።

ሲኒውን አስቀመጠ። "ምድጃውን አጥፋልኝ" አለ ኮቱን እያነሳ።

"የት ልትደርስባት ነው? በዚያ ጉልበትህ?"

"ምድጃውን አጥፋ ነው ያልኩህ። እኔ መርሳቴ አይቀርም።"

የተራራው መንገድ ከታች ጭቃ፣ ከላይ በረዶ ነበር። ፒካፑ እየተንሸራተተ ሲወጣ ኦርቫል መሪውን ጨምቆ ያዘ። በየመታጠፊያው መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ያዳምጣል። ከሩቅ፣ ከማዶው ሸንተረር፣ አንድ ተኩስ ተሰማ። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ሁለተኛ ተኩስ እስኪሰማ ጠበቀ፤ ሁለተኛ የሚተኩስ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። ሁለተኛ አልመጣም። አንድ ጥይት የሚበቃው ጎበዝ አዳኝ ይሆናል፣ አለ። ብሪታም ጎበዝ አዳኝ ናት። ነዳጁን እንደገና ረገጠ። ማርሊስ፣ ሟች ሚስቱ፣ እንዲህ ባለ ሰዓት ትጸልይ ነበር፤ እሱ ጸሎቱን ለሷ ትቶ የኖረ ሰው ስለሆነ አሁን ቃሉ ጠፋው።

የእግር መንገዱ ከሚጀምርበት ሜዳ ሲደርስ መኪኖች ተደርድረዋል። የብሪታ አሮጌ ፒካፕ ከዳር ቆሟል፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። የጫማዋ ዱካ በበረዶው ላይ ወደ ጥዱ ጫካ ሽቅብ ይሄዳል። ዱካውን ተከትሎ ጥቂት ተራመደ። ጉልበቱ ከዳው፤ በአንድ እጁ በረዶውን ተደግፎ ዳነ። ቀና ብሎ ተራራውን አየው። በወጣትነቱ ቁርስ ሳይበላ የሚወጣው ተራራ ነበር።

ወደ መኪናው ተመልሶ ገባና እጁን መሪው መካከል፣ ክላክሱ ላይ አሳረፈ። አልተጫነም።

በመክፈቻ ቀን ጠዋት እዚህ ቦታ ላይ ክላክስ ማድረግ ማለት፣ ጸሎት ቤት ውስጥ ፊሽካ እንደመንፋት ነው። ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ቀን ነው። በጨለማ ወጥተው፣ በረዶ ላይ ተኝተው፣ ሳል እንኳ አፍነው የሚጠብቁት መንጋ በአንድ ጩኸት ሸንተረሩን ተሻግሮ ይሄዳል። ኦርቫል ራሱ አንድ ጊዜ የመኪና በር በኃይል የዘጋበትን ሰው ለዓመታት ሰላም ሳይለው ኖሯል። ሰውየው ጎረቤቱ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተጫነው፤ ረዘም አድርጎ። ሦስት ድምፅ ማለት እርዱኝ ማለት እንደሆነ በተራራችን የማያውቅ የለም። ጠብቆ ደግሞ ሦስት። ማሚቶው ከማዶ ተመለሰ። ጥቁር ወፎች ከጥዱ ላይ ተነሡ። ከዚያ ላይ ላዩን፣ ከጫካው ጠርዝ በላይ፣ ቡናማ ጀርባዎች ተራ በተራ በግልጡ በረዶ ላይ ሲሮጡ አየ፤ መንጋው ነበር። አየው፣ አዘነም፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ተጫነ።

መጀመሪያ የደረሰችው ብሪታ ናት። ብርቱካንማ ሰደርያዋ በጥዶቹ መካከል ሲወርድ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ አየው። ጠመንጃዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ እየተንሸራተተች ነበር የምትመጣው። ኦርቫል ከመኪናው ወርዶ ቆሞ ስታየው ቆመች፤ ከዚያ ደግሞ ሮጠች።

"ደረትህን ነው? አባዬ! ደረትህን ነው?" ትንፋሿ አጥሮ ኮቱን ልትከፍትለት ያዘችው።

"እኔ ደህና ነኝ። ተኩሰሻል?"

"ምን?"

"ዛሬ ተኩሰሻል ወይ?"

"አልተኮስኩም! ልተኩስ ነበር! እንስቷ ፊቷን ወደኔ አዙራ ቆማ ጎኗን እስክትሰጠኝ እየጠበቅሁ ነበር፣ ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር፤ ከዚያ አንተ..." ቆመች። ፊቱን አየችው። "ምን ሆነሃል?"

"ጠመንጃሽን አራግፊ።"

"አባዬ..."

"መጀመሪያ አራግፊው። ከዚያ እነግርሻለሁ።"

አፈሙዙን ወደ ተራራው አዙራ አቀባበለች። ጥይቶቹ በረዶው ላይ አንድ በአንድ ወደቁ። ኦርቫል ጎንበስ ብሎ ለቀማቸው፤ አንጸባራቂ ነበሩ፤ ቀለሃቸውን እስኪያበራ የወለወለው እሱ ነው። በመዳፉ ይዟቸው ቆመና ስለ ጣሳዎቹ ሊነግራት ጀመረ። ብዙም ሳይሄድ አቋረጠችው።

"ጠረጴዛው ላይ ስንት ጣሳ ነበር?"

"ሁለት" አለ።

ብሪታ ይህን ሕግ የተማረችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። ፊቷን አዞረች። በጓንቷ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ ኦርቫል አላወቀም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

"በዚህ ልተኩስ ነበር" አለች በቀስታ። "እማዬ ብትኖር ምን ትልህ ነበር?"

"እሷ ብትኖር ጣሳውን ከእጄ ትቀማኝ ነበር።"

"እኔም ልቀማህ ይገባ ነበር። እንዳይከፋህ ብዬ ነው የተውኩት። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ጥይቱንም የወሰድኩት፤ ይገባሃል?"

"ይገባኛል" አለ። እውነትም ገብቶት ነበር፤ ስትቀበለውም ያውቀው ነበር፤ ያ ነው ያሳፈረው።

ከጫካው ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ታነር ነው፤ ከኦርቫል ቤት ከፍ ብሎ ከብት የሚያረባ ጎረምሳ ጎረቤት። ሁለተኛው ከሩቅ ከተማ የመጣ የማያውቁት ጢማም አዳኝ ነው፤ ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሯል። ከሰውነቱ ቀድሞ የደረሰው ስድቡ ነው።

"ማነው ይሄ የጠገበ? የማን መኪና ነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ብሪታ፣ ከአባቷ ፊት እየቆመች። ኦርቫል ደነገጠ። "የአስም መድኃኒቴን ረስቼ ነው የወጣሁት። ሳልይዘው መሄዴን አይቶ ተከትሎኝ መጣ። ሌላ ምን ያድርግ? ጉልበቱን አያችሁት።"

ጢማሙ ተጉረመረመ። ታነር ግን ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሳቀ። "እንግዲህ ጤና ይቅደም። መንጋው ደግሞ ሌላ ቀን አለ። አይዞሽ። እርስዎም ይቀመጡ፣ ጋሽ ኦርቫል፤ ቀለምዎ ጥሩ አይደለም።"

ኦርቫል በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ለመናገር ያሳፍራል፤ ደስ አለው። የልጁ ውሸት እንደ ሙቅ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ አረፈ። ነገ በቤተ ክርስቲያን፣ ከነገ ወዲያ በምግብ ቤቱ፣ ስለ ልጁ የሚሳሳ አባት ይባላል። ጣሳዎቹን ዛሬውኑ ይደፋቸዋል፤ ድዌንም አፉን ይዘጋል። ብሪታ ክንዱን ጨመቅ አደረገችው፤ በቃ ዝም በል ማለቷ ነው። አመሰግናለሁ ሊላት ዞር ሲል ታነር ንግግሩን ቀጠለ።

"ደግሞ ሳልረሳው፣ ስለ ጥይቱ እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን አልተኮስኩበትም። ዛሬ ሊመረቅ ነበር፣ እርስዎ መንጋውን አስደነበሩት እንጂ" አለና እንደገና ሳቀ።

"የትኛው ጥይት?" አለ ኦርቫል።

"ሐሙስ የሰጡኝ ነዋ። እንጨቱን ፈልጬልዎት ስሄድ።" ታነር ከኪሱ ትንሽ ሳጥን አወጣ። ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ የኦርቫል የራሱ ጽሕፈት አለ፤ ሐሙስ ይላል፣ የአሮጌው ባሩድ ስምም አለበት።

ኦርቫል ሳጥኑን አየው። እንጨቱ ተፈልጦ ግድግዳው ሥር መደርደሩን ያውቃል። ማን እንደፈለጠው አስቦ አያውቅም ነበር። ሐሙስን ፈለገ። ታነርን በራፉ ላይ ቆሞ፣ ራሱን ሳጥን ሲዘረጋ ፈለገ። ምንም አላገኘም። ከአሮጌው ባሩድ የብሪታን ብቻ እንደሞላ በእግዚአብሔር ስም ሊምል የሚችል ሰው ነበር።

ብሪታ ሳጥኑን አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች። ክንዱን የያዘው እጇ ላላ። "አባዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይሄንን አልነገርከኝም።"

"አላውቀውም ነበር።"

ታነር ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፣ የጎረሰ። ሚስቱ በዚህ ወር ልትወልድ ነው፤ ኦርቫል ይህንንም አሁን ነው ያስታወሰው። አንዳንዱ ነገር ይቀራል፣ አንዳንዱ ይሄዳል፤ የሚሄደውን የሚመርጠው ግን እሱ አይደለም።

"ጠመንጃህን አራግፍ፣ ታነር" አለ።

"እንዴ?"

"አራግፍ። ብሪታ አስም የለባትም። ክላክሱን ያደረግኩት ባሩድ ስለቀላቀልኩ ነው። በእነዚያ ጥይቶች ብትተኩስ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ላይፈነዳም ይችላል፤ አላውቅም። ለአንተ እንደሰጠሁህም አላስታውስም። እንጨት እንደፈለጥክልኝም አላስታውስም፤ ስለ እንጨቱ እግዜር ይስጥልኝ።"

ጢማሙ ሰውዬ እንኳ ጉርምርምታውን ውጦ በረዶውን በጫማው ጫፍ መጫር ጀመረ። ታነር ፊቱ ነጭ ሆኖ ጠመንጃውን አውርዶ አራገፈ፤ አንዱ ጥይት ከእጁ አምልጦ በረዶው ውስጥ ጠለቀ። ተንበርክኮ ፈለገው። ሲነሳ ሳጥኑንም ጥይቶቹንም በኦርቫል እጅ አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ" አለ።

"አዎን" አለ ኦርቫል።

ታነርና ጢማሙ ሰውዬ ወደ መኪኖቻቸው ሲሄዱ ብሪታ ከአባቷ አጠገብ ቆማ ቀረች። መንጋው የሄደበትን ሸንተረር እያየች ነበር። "ለምን ነገርከው?" አለች። "ጥይቱን በሌላ ምክንያት ልንቀበለው እንችል ነበር። አስቀድሜ ሸፍኜልህ ነበር እኮ።"

"ስለ ታነር የሸፈንሽው የለም። አላወቅሽም፤ እኔም አላወቅሁም። ሌላስ ለማን ሰጥቼ ይሆናል?"

ብሪታ ይህን ሰምታ ወደሱ ዞረች።

"ሳምንቱን ሙሉ ስሞላ ነበር" አለ። "ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ለፓስተሩ ሰጥቼ ሊሆን ይችላል። ለሃርላን ልጆች ሰጥቼ ሊሆን ይችላል። ዝም ካልኩ፣ አንዱ ዛሬ ማታ ወይ ነገ ይተኩሰዋል። በየቤቱ እየዞርን ማንኳኳት ነው ያለብን። ተራራ የወጣውንም ከሚስቱ ጠይቀን እዚያው ሄደን መያዝ ነው። ምን እንደሠራሁ ሳልነግራቸው ደግሞ ሳጥናቸውን አይሰጡኝም።"

"ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ አባዬ። ጥይትህን ዳግመኛ የሚነካ አይኖርም።"

"መንካትም የለባቸውም።"

በመኪናው ጎን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ እሷም አየችው፣ አልደገፈችውም። ቀና ብሎ እስኪቆም ጠበቀችው። በሩ እንደተከፈተ፣ ሞተሩ እንደተነሳ የቆመው ፒካፑ ጭሱን በበረዶው ላይ ይተፋል። ከገዛው ጀምሮ በዚያ መሪ ሌላ ሰው ነድቶ አያውቅም፤ ማርሊስ እንኳ ሆስፒታል ስትሄድ ጎኑ ተቀምጣ ነው የሄደችው።

"መኪናሽን እዚሁ ተዪው" አለ። "ከፓስተሩ ቤት እንጀምር። ቤቱን እኔ አሳይሻለሁ፤ ከረሳሁት አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ከዚያ በሞተሩ ፊት ለፊት ዞሮ በሌላው በር፣ በተሳፋሪው ወገን ገባና የጥይት ሳጥኖቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀበቶውን አሰረ።